በረዶ ያወረደው

ከጉምሩክ አለፍ ብሎ፣ ቃሊቲ መዳረሻ፣
ቆርቆሮ መጋዘን አለ፣ የጉድጓድ ማስታወሻ።
መሰርሰሪያው ከምድር ሆድ ስቦ ያወጣውን
በሣጥን በሣጥን አድርገን፣ ጥልቀቱን፣ ቁጥሩን፣
«ላይ» እና «ታች» ብለን ጽፈን
እናስቀምጣለን።

ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ ይህን ቁልፍ ከያዝሁ፤
የአቃቂን ጥቁር ድንጋይ፣ የሰበታን ቀይ አፈር
ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ እለያለሁ።
ባሕር ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ በሥዕል ነው የማውቀው፤
ከሙገር በመጣ ኖራ ላይ ዛጎል ታትሞ አሳይተውኝ
«እዚህ ባሕር ነበር» ሲሉኝ ሳምንት የሳቅሁ ሰው።

ሰኔ መባቻ ላይ ሲፈን መጣች ከጥናቷ፣
የአቃቂ በሰቃ ልጅ፣ ጭቃ የሚያውቃት ከልጅነቷ።
ክንድ የምታህል ቱቦ፣ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልላ፣
ከሰሜን ጫፍ፣ ከቀዝቃዛ ሰላጤ ወለል ተነቅላ።
«ጋሽ ልሳኑ፣ አደራ፣ እንዳትደርቅ፤ በጥላ።»

ለሁለት ከፈልናት። ግራጫ ጭቃ።
ክር ክር የሚያህል መስመር በመስመር ላይ ተኝቶ፣
ነጣ ያለው በረዶው ሲቀልጥ፣ ጠቆር ያለው ባሕሩ ሲረጋ፤
የሕፃን ጥፍር የምታህል ዛጎል፣ ሳትሰበር፤
መሀል ላይ ደግሞ
ድንጋይ።
የዶሮ እንቁላል የሚያህል፣ ሸካራ፣ በዚያ ሰፈር ዘመድ የሌለው።

«ይሄስ ምን ሊሠራ መጣ? ነፋስ አያነሣው፣
ወንዝ እዚህ ድረስ አይገፋው፣ ማን አምጥቶ ጣለው?»
«በረዶ» አለች።

በረዶ!
የእኔ በረዶ ነሐሴ ላይ ቆርቆሮ ደብድቦ
ጎረቤት ጠርቼ ሳላሳይ ያልቃል ተንጠባጥቦ።
«የእነሱ ጋራ ያህላል ጋሼ፣ ይሄዳል፣
ተራራ ይልጣል፣ ድንጋይ በብብቱ ያሳፍራል፤
ባሕር ላይ ተንሳፎ ርቆ፣ ሲሞቀው ይሳሳል፣
ያን ጊዜ የያዘውን ይለቃል።
ድንጋዩም ቁልቁል ነው፣ በጨለማ፣
የመውደቁን ድምፅ ማንም ሳይሰማ።»

ጣቷን ከድንጋዩ ሥር አሳረፈች።
«ይዩ፣ ከታች ያለው መስመር እንዴት እንደጎበጠ፤
ከላይ ያለውስ፣ ኋላ የመጣው፣
እንደ ብርድ ልብስ አለበሰው።»

ሄደች። ድንጋዩ ግን ከእኔ ጋር ቤት ገባ።

የአሮጌው ቄራ ቤታችን የፈረሰ ዕለት
አይሱዙ አልጋዬን፣ ቁም ሣጥኔን፣
ሚስቴን ከነስፌት መኪናዋ ጭኖ
ኮዬ ፈጬ ጫፍ ላይ አራገፈን፣ ዋልካው ጎማውን ይዞት፣ ማምሻውን።
ሹፌሩ ሒሳቡን ቆጠረ። መብራቱ ራቀ፣ ራቀ፣
ከዚያ የለም።

ኦቦ ዲንቃ የኮንዶሚኒየሙ ዘበኛ ናቸው።
አንድ ማታ የመኝታ ቤቴን መስኮት በከዘራቸው እያመለከቱ
«እዚያ ጋ» አሉኝ፣ «ሽምብራዬ ነበረ።
የወሰኑ ድንጋይ ከአልጋህ ሥር ነው።»
ቁጣ የለበትም፤ ሰዓት ስንት እንደሆነ እንደሚነግር ሰው።
ምን ልበል? «ይቅርታ» አፌ ላይ ደርሳ ከበደችኝ፣
ስለ ዝናቡ አወራን።

እኔ እኮ ስንት ዓመት
ስለ ወደቅሁት እኔ ብቻ ነበር የማስበው።

በመዝገቡ፣ «ድንጋይ፣ አንድ» ከሚለው ቀጥሎ፣
«ከሥሩ ያለው ጎብጧል» ብዬ ጨመርሁ፣ በቀይ።
ሲፈን ብታይ ትስቃለች፤ እንዲህ ተብሎ አይጻፍም።

ዛሬ ማምሻውን በረዶ ጣለ።
ቆርቆሮው የገዛ ሳሌን አላሰማኝ አለ።
ወጥቼ አንዷን ፍሬ በመዳፌ ይዤ፣ ሳትሞትብኝ ሮጬ
አምፖሉ ሥር አደረስኋት።
ቀለጠች።
ጠብታ ውኃ ቀረ፤
በውኃው መሀል ደግሞ፣ መነጽሬን ካደረግሁ በኋላ፣
አንዲት ቅንጣት አፈር።

የማን ማሳ ነበረች?